ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ ማይክሮስኮፕ፦ ሺህ ጊዜ አያጎላም፣ የቦዬን የውሃ ቁንጫ ግን አሳይቶኛል

ሻጩ «ሺህ ጊዜ ያጎላል ቲቸር!» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ካርቶኑ ላይም 1000 የሚል ቁጥር በደማቅ ቀይ ታትሟል። ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ በኪስ የሚዞር የፕላስቲክ ዕቃ ሺህ ጊዜ እንደማያጎላ አይጠፋኝም። ግን 900 ብር ነበር፣ ተከራክሬ በ750 ወሰድኩት። ለምን ወሰድከው ካላችሁኝ፣ አንዲት ተማሪዬ ናት ያስገዛችኝ።

ስለ መጤ ወራሪ ዝርያዎች እየተማርን ነበር። እምቦጭ ጣና ላይ ምን አደረገ ብዬ ጠየቅኩ። ጀልባ አላሳልፍ አለ፣ መረብ ያዘ፣ ዓሣ አራቀ፣ ከብት መጠጫ አሳጣ። ልጆቹ ዜና ይሰማሉ፣ መልስ አያልቅባቸውም። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ግን «ቲቸር፣ ከሥሩ ያለው ውሃስ ምን ይሆናል?» አለች። ፕላንክተን ምናምን ብዬ ጀመርኩና መሀል ላይ ቆምኩ። ፊታቸውን ሳይ ገባኝ። ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉት ደቃቅ ፍጥረታት፣ ለእነሱ የፈተና ቃል ነው፣ አንድም ቀን በዓይናቸው አላዩትም። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ አላየሁትም። ትምህርት ቤታችን ያለው ማይክሮስኮፕ አንድ ነው፣ እሱም መብራት ካለ ነው፣ መብራት ካለም የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ካለ ነው።

እና ይሄው፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ከአንድ የስልክ ዕቃ መሸጫ የገዛሁትን ዕቃ ሁለት ወር ሙሉ ከተጠቀምኩበት በኋላ የምጽፈው ነው።

ዕቃው አውራ ጣት ያክላል። ጥቁር ፕላስቲክ ነው። እንደ ልብስ መቆንጠጫ በሆነ ነገር ስልኩ ካሜራ ላይ ይያዛል፣ ጎኑ ላይ ምስሉን የምታጠሩበት ትንሽ ጥርሳም ጎማ አለችው። ሁለት መብራት አለው፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ወይን ጠጅ። ወይን ጠጁ ሐሰተኛ ብር ለመለየት ነው አለኝ። ደንበኞቹ ወርቅ ሠሪዎችና ብዙ ብር የሚቀበሉ ነጋዴዎች ናቸው። «ውሃ ላይበት ብሎ የገዛኝ የለም» አለ፣ ትንሽ እንዳዘነልኝም ያስታውቅበት ነበር።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ማስመሪያ ከሥሩ ማስቀመጥ ነው። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ አድርጉት፣ ከማስመሪያ ጋር ማንም አይከራከርም። የስልኬ ስክሪን ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስክሪኑን የሞላው የማስመሪያው 3 ሚሊ ሜትር ነው። 70ን ለ3 አካፍሉ፣ 23 ይመጣል። ሺህ የተባለው ሃያ ሦስት ሆኖ ቁጭ! በጣት ብትዘረጉት ይተልቃል፣ ግን እሱ ምስሉን ማደብዘዝ ነው እንጂ አዲስ ነገር አያሳያችሁም።

ሃያ ሦስትን ግን አትናቁት።

ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ተማሪዎች ይዤ በሁለት ባጃጅ ጅማ ዳር ወዳለው ቦዬ ረግረግ ወረድን። መረባችን የባለቤቴ አሮጌ ስቶኪንግ ነው (ጠይቄ ነው የወሰድኩት)፣ አፉ ላይ ክብ ሽቦ፣ ጫፉ ላይ ወገቡ የተቆረጠ ሃይላንድ የታሰረበት። ዳር ላይ ሆነን በገመድ እየወረወርን ስንጎትት አንድ እረኛ ልጅ «ሮቢ! ሮቢ!» እያለ ጮኸብን። ጉማሬ ማለቱ ነው። አላየንም፣ ግን ወደ ኋላ ሃያ እርምጃ ያህል ሮጥን፣ በዕድሜ ትልቁ የሆንኩት እኔ ደግሞ ከሁሉም ቀድሜ። ከዚያ በኋላ ጥልቅ ወዳለው አልተጠጋንም። እናንተም አትጠጉ።

አሁን ዋናው ዘዴ። ያመጣችሁትን ውሃ በቀጥታ ከሌንሱ ሥር አትክተቱት፣ ምንም አታገኙም። መጀመሪያ ነጭ ሲኒ ውስጥ አፍሱትና ትንሽ ጠብቁ። በዓይናችሁ የሚዘሉ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። አንዱን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሳቡት። የሲዲ ማቀፊያ ክዳን ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፣ ከሥሩ ሌላ ስልክ ባትሪውን አብርታችሁ አስቀምጡ፣ በመሀል ነጭ ወረቀት አድርጉ። የዕቃው የራሱ መብራት ከላይ ነው የሚያበራው፣ እነዚህ ፍጥረታት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ናቸው፣ ከላይ ሲበራባቸው ይጠፋሉ። ይህንን ለማወቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል። የመመሪያ ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል የለም፣ ያለውም በቻይንኛ ነው።

ከሥር ሲበራ ግን ወይ ጉድ! የውሃ ቁንጫዋ፣ ዳፍኒያ የምንላት፣ ልቧ ሲመታ ይታያል። አንጀቷ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ የበላችው ዋቅላሚ (አልጌ) ነው። ጀርባዋ ላይ ዕንቁላሎቿ ተደርድረዋል። ሳይክሎፕስ የምትባለዋ ደግሞ ግንባሯ ላይ አንድ ቀይ ዓይን፣ ጭራዋ ግራና ቀኝ ሁለት የዕንቁላል ከረጢት፣ አህያ ላይ እንደተጫነ ጆንያ። ልጆቹ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ «ይሄን ነው እንዴ ስንጠጣ የኖርነው?» አለች። ካልተጣራ ውሃ ጋር አዎ። ጋምቤላ ውስጥ የጊኒ ትል የሚተላለፈው እኮ ሰው ሳይክሎፕስን ከውሃ ጋር ሲውጥ ነው። ውሃን በጨርቅ አጥልሉ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ትሉን የተሸከመችው ፍጥረት በጨርቅ ለመያዝ ትልቅ ናት።

ወደ ግምገማው ልመለስ። ዕቃው የፍጥረቷን ስም አይነግራችሁም። ዝርያ ለመለየት እግርና እሾህ መቁጠር አለ፣ በዚህ አይቻልም። መጠን ግን ይነግራችኋል። በማስመሪያው አንዴ ከለካችሁ እያንዳንዷ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነች ስክሪኑ ላይ ትለካላችሁ። ሐይቅ ውስጥ መጤ ሲገባ የሚሆነውን ለመረዳት ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከስም ይልቅ መጠን ብዙ ይናገራል።

አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ ክሪስታል ሌክ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። ከውጭ የገባ ፕላንክተን በል ዓሣ ተራብቶበታል። ብሩክስና ዶድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1942 የተወሰደውን ናሙና በ1964 ከተወሰደው ጋር አስተያዩትና ውጤቱን በ1965 አወጡ። ዓሣው ከመግባቱ በፊት ትልልቆቹ ቁንጫዎች ነበሩ። ከገባ በኋላ የቀሩት ደቃቆቹ ናቸው። ዓሣ በዓይኑ ነው የሚያድነው፣ የሚታየውን ይለቅማል፣ የማትታየው ትተርፋለች። በቃ ይኸው ነው። እዚህ አፍሪካ ውስጥም ኪቩ ሐይቅ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ በሩዋንዳና በኮንጎ መሀል ያለው ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከታንጋኒካ ሐይቅ ትንሽ ሰርዲን መሰል ዓሣ አምጥተው ጨመሩበት፣ ሰው እንዲበላ ታስቦ። ሰውም በላ፣ አሁንም ይበላል። ትልቋ ዳፍኒያ ግን ከሐይቁ ጠፋች።

ትልልቆቹ ቢጠፉስ ምን አለበት አለኝ አንዱ ተማሪ። ይህ ጥያቄ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ስክሪኑ ላይ አለ፣ ያ አረንጓዴ አንጀት። ትልቋ ዳፍኒያ ማለት የሐይቁ መጥረጊያ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ዋቅላሚ ታጣራለች። እሷ ስትጠፋ ዋቅላሚው ይፋፋል፣ ውሃው ይደፈርሳል። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ሜንዶታ የሚባል ሐይቅ ላይ ይሄ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 እሾሃማ የውሃ ቁንጫ ተገኘችበት፣ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣች፣ ከጭራዋ ጋር አንድ ሴንቲ ሜትር የምታልፍ፣ ሥጋ በል። እህቷን ዳፍኒያን በላቻት። ውሃው ውስጥ ወደ ታች የሚታየው ርቀት አንድ ሜትር ገደማ ቀነሰ። ያንን ለመመለስ ወደ ሐይቁ የሚገባውን፣ ዋቅላሚ የሚያፋፋውን ፎስፈረስ መቀነስ ግድ ነው፣ ለዚህም ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚፈልግ ተሰልቷል። ለአንዲት ቁንጫ!

የዚህ ተቃራኒም አለ፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ ያታልላል። ዜብራ መስል የምትባል ሁለት ዛጎል ያላት ጥፍር የምታክል ፍጥረት አለች። መርከቦች ለሚዛን ብለው በሚጭኑት ውሃ ውስጥ ሆና አሜሪካና ካናዳ መሀል ያሉ ሐይቆች ደረሰች፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው የተገኘችው። አንዷ በቀን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ታጣራለች። በሚሊዮንና በቢሊዮን ሲሆኑ አስቡት። ከእነዚህ ሐይቆች አንዱ የሆነው ኢሪ ጠራ፣ ሰውም ውሃው ጸዳ ብሎ ደስ አለው። የጠራው ግን ቁንጫዎቹ የሚበሉት ስላለቀ ነው። በዚያ ላይ መራጭ ናት። ማይክሮሲስቲስ የሚባለውን መርዘኛ ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ ስታገኝ ትተፋዋለች፣ ተፎካካሪዎቹን በልታለት እሱ ብቻውን ሜዳው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ውሃ ጠራ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፣ ደፈረሰ ማለትም ታመመ ማለት ላይሆን ይችላል። በሲኒ ቀድታችሁ ማን እንዳለ ማየት አለባችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጆቹን በጣም አሳቃቸው። መጤ ማለት ሁልጊዜ ከውጭ ወደ እኛ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ዳፍኒያ ሉምሆልትዚ የምትባል ረጅም እሾህና ሹል ቆብ ያላት ቁንጫ ግን የአፍሪካ፣ የእስያና የአውስትራሊያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ገብታ እዚያ ወራሪ ተብላለች። «እኛም ልከናል» አለ አንዱ፣ ደረቱን ነፍቶ።

እምቦጭን ረሳሁት እንዳትሉኝ። እምቦጭ እንደ ዓሣው ከላይ አይበላም፣ እንደ መስሏም አያጣራም፣ እሱ ጣራ ነው የሚሠራው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፣ ቆቃ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ጣና ላይ በ2011 ነው የተመዘገበው። ብርሃን ይከለክላል፣ ስለዚህ ከሥሩ ያለው ዋቅላሚ ብርሃን አጥቶ ይከስማል። አየር ከውሃው ጋር እንዳይገናኝ ያደርጋል፣ ሲበሰብስ ደግሞ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ሥሩ ግን እንደ ጢም ተንጠልጥሎ ለሚድሁና ለሚጣበቁ ፍጥረታት ቤት ይሆናል። ማለትም ፕላንክተኑ ዝም ብሎ አይቀንስም፣ ነዋሪው ነው የሚቀየረው።

ይሄን በዓይኔ ለማየት ባሕር ዳር ያለውን የአክስቴን ልጅ አስቸገርኩት። አንድ ሃይላንድ ከእምቦጩ ሥር፣ አንድ ሃይላንድ ከጠራው ላክልኝ አልኩት። ላከልኝ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ መጣ፣ ስከፍተው ሽታው ጎረቤት አስወጣ። ሞኝነቴ ነው፤ ክዳኑ ግጥም ያለ ጠርሙስ በሙቀት ውስጥ ሁለት ቀን ሲጓዝ ኦክስጅኑ አልቆ ሁሉም ሞተው በስብሰዋል። ሁለተኛው ዙር ላይ በስቶኪንግ አጥልሎ ስቶኪንጉ ላይ የቀረውን ብቻ በትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ዳግም አረቄ ውስጥ እንዲያደርግልኝ ነገርኩት። ይሄኛው ሠራ! ሞተው ግን ሳይፈርሱ መጡ። ከጠራው ውሃ የመጣው አብዛኛው ረጅም አንቴና ያላቸው ዋናተኞች ነበሩ። ከእምቦጩ ሥር የመጣው ውስጥ ዋናተኞቹ ጥቂት ናቸው፣ በብዛት ያየሁት ምስር የሚመስሉ ባለ ዛጎሎችና አጫጭር እግር ያላቸው የሚድሁ ነገሮች ናቸው። ሁለት ጠርሙስ ነው፣ ጥናት ሠራሁ አላልኩም። ግን የልጅቷ ጥያቄ መልስ በ750 ብር ዕቃ ስክሪን ላይ ታየ። (የአረቄውን ሒሳብ ልኮልኛል። ጠርሙሱ ውስጥ ከገባው ጋር ግን አልገናኝ ብሎኛል።)

አሁን ወደ እንከኖቹ።

መቆንጠጫው ይንሸራተታል። ካሜራው ጥግ ላይ የሆነ ስልክ ካላችሁ ሌንሱን መሀል ለማስገባት ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ሦስት ካሜራ ያለው ስልክ ላይ ደግሞ የትኛው እየሠራ እንደሆነ በጣት እየከለላችሁ ፈልጉ። እኔ ጎማ ላስቲክ አስሬበታለሁ። ባትሪው ሦስት የሰዓት ባትሪ ነው፣ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ሰዓት ሠሪዎች ጋ ይገኛል፣ ግን ከሥር የሚበራ መብራት ከተጠቀማችሁ ከነጭራሹ አያስፈልጋችሁም።

ትልቁ እንከን ዋቅላሚውን አለማሳየቱ ነው። አንዲት የማይክሮሲስቲስ ሕዋስ የሚሊ ሜትር ሺህኛ ጥቂቶች ናት፣ በሃያ ሦስት ጊዜ ማጉላት ምኗ ይታያል። ተሰብስበው ሲከማቹ አረንጓዴ ብናኝ ሆነው ታዩአቸዋላችሁ፣ በቃ። ቆቃ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ሲመስል ተጠያቂዋ እሷ ናት፣ ይህ ዕቃ ግን አያሲዛችሁም። ሮቲፈር የሚባሉት ደቃቅ የውሃ ፍጥረታትም አብዛኞቹ ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳን ስለማይሞሉ የምትሽከረከር ነጥብ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በላተኛውን ታያላችሁ፣ የሚበላውን አታዩም። ካርቶኑ 1000 ባይል ኖሮ በዚህ አልወቅሰውም ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፣ ይሄ የዕቃው ሳይሆን የእኛ ነው። ያመጣችሁትን ውሃ አዌቱ ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉት! ቀቅላችሁ ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። መረቡን ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ከመውሰዳችሁ በፊት ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። የአክስቴን ልጅም የእምቦጭ ቅጠል ቁራጭ እንኳን እንዳይገባ አስምዬዋለሁ፣ ቁራጩ ራሱ ይበቅላላ። ስለ ወራሪ ላስተምር ብዬ ወራሪ ጅማ ባመጣ የማን መሳቂያ እንደምሆን አስቡት።

የሱቁ አገልግሎት? መጀመሪያ የሰጠኝ አንዱ መብራት አይበራም ነበር። ስመልሰው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በጣቱ አሳየኝ። ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ለሚገባው ደንበኛ ሁሉ ማስመሪያውን ሳሳይ ግን ቀየረልኝ። ደረሰኝ የለም። ሰውየው በተፈጥሮው ክፉ አይደለም።

ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ሁለተኛም ገዝቻለሁ፣ በ800፣ ምክንያቱም ስድስት ልጅ አንድ ስልክ ላይ ሲደፋ ማንም ምንም አያይም። ሁለተኛውን ስገዛ የቦዬ ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ነበርና ለሻጩ ሳይክሎፕሷን አሳየሁት። ዝም ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ አየ። «ይቺ ምንድን ናት? ስንት ዓይን አላት?» አለ። አንድ አልኩት። ጠርሙሱን እንድተውለት ለመነኝ፣ ተውኩለት፤ ሲያበቃ ቀቅለህ ድፋው ብዬ አስጠንቅቄ።

በቀደም በዚያ ሳልፍ ነጭ ሲኒ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ለሁለት ወጣቶች እያሳየ ነው። «ሺህ ጊዜ ያጎላል» ይላቸዋል።